ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር፦ በጣና የመርከብ መንገድ

ረቡዕ፦ ጎንደር፣ ደምቢያ፣ ጎርጎራ

ከጎንደር ባሕር ዳር መሄድ ዛሬ ቀላል ነው። በጠዋት ሚኒባስ ይያዛል፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፣ ለምሳ ይደረሳል። እኔ ግን በዚህ ጉዞ የመረጥኩት የውሃውን መንገድ ነው። ጎርጎራ ወርጄ፣ በሳምንት አንዴ በምትመላለሰው መርከብ ጣናን በምዕራቡ ዳርቻ በኩል ማቋረጥ። መርከቧ መንገድ ላይ ታድራለች። ቤተሰቦቼ ሲሰሙ «ምን በወጣህ!» አሉኝ። ጥምቀት አልፎ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል ነበር። አሁን ጥቂት ዓመታት አልፈውታል።

ምክንያቴ አንድ ነው። ጎንደር የሐይቅ ከተማ ናት ብዬ አምናለሁ። የፋሲልን ግንብ ማን እንዳሠራው የከተማችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ነገሥታቱ፣ መነኮሳቱና ነጋዴዎቹ ሐይቁን በምን ይሻገሩ እንደነበር ግን ብዙዎቻችን አናወራም። ይህ ነገር ሁሌም ይቆጨኛል።

አዘዞ ላይ ወርጄ ገነተ ኢየሱስን ተሳልሜ አለፍኩ። ዐፄ ሱስንዮስ ያረፉት እዚህ ነው። ከእሳቸው መጀመር ተገቢ ነው። ልጃቸው ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከመቆርቆራቸው በፊት መንግሥቱ ሐይቁን ተጠግቶ ነበር። ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ከትመዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህንም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው እዚያው ጎርጎራ ነው። የዘመኑ አውሮፓውያን ጣናን «የደምቢያ ሐይቅ» እያሉ ይጽፉ ነበር። ከደንገል፣ በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ቄጠማ መሰል ተክል፣ ስለሚሠራው ታንኳም ጽፈዋል። እንግዲህ ታንኳው ያኔም ነበር ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደ ጎንደር ሲወጣም ነገሥታቱ ሐይቁን አልተዉትም።

ከአዘዞ በኋላ የደምቢያ ሜዳ ይመጣል። ጥቁር አፈር፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጥቁር አዝሙድ። ቆላ ድባ ላይ ሻይ ጠጣን። ጯሂትን አለፍን። መኪናው አቧራውን እያቦነነ ትንሽ እንደሄደ ውሃው ታየ። እንደ ጎንደር ልጅ ጣናን ከዚህ በኩል ማየት ደስ ይላል። ከባሕር ዳር በኩል ሐይቁ ከከተማው ጋር ተያይዞ ነው የሚታየው። ከጎርጎራ በኩል ግን ማዶው አይታይም፤ እውነትም ባሕር ይመስላል።

ጎርጎራ የኢኮ ሪዞርቱ ሥራ ገና አላለቀም ነበር። ሲኖትራክ ይመላለሳል። እኔ በቀጥታ ወደብ ወረድኩ። ወደቡን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ ከተማዋን የግዛታቸው አንድ ማዕከል አደረጓት። ለዚህም ከደቡቡ ጋር የሚያገናኝ መስመር ያስፈልጋቸው ነበር። በየብስ ከሄዱ የረብ ወንዝ አለ፣ የጉማራ ወንዝ አለ፣ የፎገራ ረግረግ አለ። በክረምት ያን ማለፍ ጭንቅ ነው። በውሃ ከሆነ ግን ከጎርጎራ ተነስቶ ደቡብ ዳርቻ መድረስ ይቻላል። የሞተር ጀልባ አመጡ፣ መጠጊያ በድንጋይ ሠሩ። ኮረብታው ላይም ለሙሶሊኒ ክብር ያቆሙት ሐውልት እስካሁን አለ። ወደ እሱ መውጣት አልፈለግሁም። ያ ዘመን ጎንደር ላይ የተዘጋው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ጉግሊየልሞ ናሲ እጁን ሲሰጥ ነው። ጀልባ የመንዳቱና የመጠገኑ ሙያ ግን በአገሬው እጅ ቀረ።

ወደቡ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። በወጣትነታቸው እዚሁ ጭነት ያወርዱ ነበር።

«አባባ፣ ያኔ ሥራው እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ትላለህ ልጄ! መርከቧ መጣች ሲባል አገሩ ሁሉ ይወርዳል። ሰው የሚቀበል አለ፣ ዕቃ የሚቀበል አለ፣ ዝም ብሎ ሊያያት የሚመጣም አለ።»

ከጦርነቱ በኋላ ናቪጋታና የሚባል የጣሊያኖች ኩባንያ በሐይቁ ላይ ይሠራ ነበር። በኋላም የመንግሥት ድርጅት የሆነው የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት መጣ። ሽማግሌው ግን ድርጅቶቹን በስም ለይተው አይጠሩም። ለእሳቸው ሁሉም «መርከቧ» ናት።

ሲመሽ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምኩ። ክብ ናት፣ ክዳኗ ሣር ነው፣ ውስጧ በሥዕል የተሞላ ነው። ከደጇ ቆሞ ሐይቁ ይታያል።

ሐሙስ፦ ጎርጎራ፣ ደልጊ፣ ቁንዝላ

ገና ጎህ ሲቀድ ወደቡ ሞልቷል። ጆንያ፣ የዶሮ ቅርጫት፣ የታሰሩ በጎች፣ የቢራ ሳጥን፣ አንድ አዲስ ቁም ሣጥን። መርከቧ የብረት ናት። ታች ጭነት፣ ላይ ሰው። ወንበሩ ጠንካራ እንጨት ነው። ቦታ የያዝኩት ከአንዲት እናት አጠገብ ነው። ደልጊ ልጃቸው ወልዳ ለአራስ ጥየቃ እየሄዱ ነበር። ገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘዋል። «በመኪናስ አይሻልዎትም?» ብላቸው፣ «መኪናው ያንገላታኛል፣ ይቺ ግን እንደ አልጋ ናት» አሉኝ።

እኔ በዚህ ጉዞ ካገኘሁት ሁሉ ይህን ደጋግሜ አስባለሁ። ይህችን መርከብ ጎብኚ የሚወዳት ለገዳማቱ ነው። ለዳርቻው ሰው ግን አውቶቡሱ ናት። ወደ ሐኪም የምትወስደው፣ ወደ ገበያ የምታደርሰው እሷ ናት።

ቴክኒኩን ከመርከበኞቹ ጠየቅሁ። ጣና ሰፊ ነው፤ ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ በጣም በሚጠልቅበት እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ መርከብ ሲሠራ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ወደ ውሃው ብዙ የማይሰምጥ መሆን አለበት። ሰሜኑ ዳርቻ ደግሞ መገጭና ሌሎች ወንዞች በሚያመጡት ደለል ይሞላል። መርከበኛው ውሃውን ዓይቶ ነው ጥልቀቱን የሚያውቀው። ቀለሙ ሲቀየር ፍጥነት ይቀንሳል። ሌላው ነገር ነፋሱ ነው። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሞገዱ ይቆጣል። ታንኳ ቀዛፊም ሆነ ካፒቴን ጠዋትን የሚወድደው ለዚህ ነው።

ደልጊ ላይ ብዙ ሰው ወረደ። የአራሷ እናት ሲወርዱ ሦስት ወጣቶች ውሃ ውስጥ ገብተው ዕቃቸውን ተቀበሏቸው። ከዚያ ወደ ደቡብ ሄድን። ማታ ቁንዝላ ገባን፤ መርከቧም እዚያው አደረች። ትንሽ መኝታ ቤት አገኘሁ። እራት ሽሮ ነበር፤ ዓሣው አልቆ።

ስለ ቁንዝላ አንድ ነገር መነገር አለበት። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃ የሚወስድበት ቦታ አለ። በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው። የሐይቁ ውሃ በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ይወርዳል። ከዚያ በፊት በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር አፍ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቷል፤ እሱም ከሐይቁ የሚወጣውን የዓባይ ውሃ ይቆጣጠራል። መብራት ያስፈልገናል፤ ይህን አልከራከርም። ግን ሐይቁ ሲጎድል ቀድሞ የሚጎዳው የመርከብ መንገዱ ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ በጣም ወርዶ ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አልቻሉም። የዚያን ጊዜ የደልጊና የቁንዝላ ሰው እንዴት እንደከረመ አስቡት። ስለ ውሃ ክፍፍል ሲመከር የመርከቡ መስመርም ድምፅ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ።

ዓርብ፦ ደቅ፣ ዘጌ፣ ባሕር ዳር

ከቁንዝላ ሲነሱ ግልገል ዓባይ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን አካባቢ በቀኝ እየተዉ ነው የሚሄዱት። አንድ ተሳፋሪ ቄስ «ዓባይ ከውሃው ሳይቀላቀል ሐይቁን ሰንጥቆ ያልፋል» ሲሉ ለልጆች ያስረዱ ነበር። እኛም ልጅ ሆነን የሰማነው ነው። ልጆቹ መስመሩን ለማየት ጠርዙ ላይ ተንጠለጠሉ።

ደቅ ደረስን። በጣና ካሉት ከ30 በላይ ደሴቶች ትልቁ እሱ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ በዚሁ ደሴት ላይ ናት። ድንጋዩ፣ ጣውላው፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዴት እንደተጓጓዘ ሳስብ ይደንቀኛል። ከማዶ የመጣው ሁሉ ሐይቁን በታንኳ ነው መሻገር የነበረበት፤ ሌላ ምን ነበረና! አጠገቡ ዳጋ እስጢፋኖስ የተባለው የደሴት ገዳም አለ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አጽም ያረፈው እዚያ ነው። ጎንደርን የቆረቆሩት ንጉሥ የመጨረሻ ጉዟቸው በውሃ ነበር ማለት ነው። የጎንደር ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

የፋሲለደስ የልጅ ልጅ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ በስተርጅና ሳይሆን ገና በኃይላቸው ዘመን ከቤተ መንግሥት ርቀው ወደ ሐይቁ ደሴት ገቡ። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ጎንደር ላይ ነገሠ። ከዚያም ገዳዮች ሐይቁን ተሻግረው ጨቅላ መንዞ በምትባል ደሴት ላይ ገደሏቸው። ጥቅምት 1699 ዓ.ም. ነበር። የተቀበሩትም ሌላ ደሴት ላይ፣ ምጽራሐ ነው። የጎንደር ዙፋን ታሪክ በየግንቡ ብቻ አልተጻፈም፤ ብዙው የተፈጸመው ውሃ ላይ ነው። አስጎብኚዎቻችን ግቢው ውስጥ የኢያሱን ቤተ መንግሥት ሲያሳዩ ይህን ቢጨምሩ እንዴት ጥሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘጌ ደረስን። ቡና ከደን ጋር የተዋሐደበት አገር ነው። ጌሾውም የታወቀ ነው። የዘጌ ሰው ቡናውን በታንኳ እያሻገረ ሲሸጥ ኖሯል። ማዶው ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ቆራጣ ነበረች፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትልቅ የንግድ ከተማ።

በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው ዐፄ ቴዎድሮስ መርከብ ለመሥራት የሞከሩት። በ1858 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ መልእክተኞች ቆራጣ ሰፍረዋል፣ ንጉሡ ዘጌ ናቸው። ቴዎድሮስ የአውሮፓን የእንፋሎት መርከብ ወሬ ሰምተዋል። ብረቱም ሞተሩም የለም። እሳቸው ግን ያለውን ደንገል ተጠቀሙ። ትልልቅ የደንገል ታንኳዎች አሠርተው፣ በጎናቸው መንኮራኩር አስገጠሙ። በእንፋሎት ፋንታ በሰው ክንድ የሚዞር መንኮራኩር ነው። መልእክተኞቹ በዓይናቸው ዓይተው ጽፈውታል። የጋፋትን መድፍ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሴባስቶፖልን። ይህን የጣና መርከብ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ለእኔ ከመድፉ አያንስም። መድፉ ለጦር ነው፤ ይህ ግን የአገሩን ደንገል ከአዲሱ ዘመን ብልሃት ጋር ለማጋባት የተደረገ ሙከራ ነው። ብዙ አልሄደም። ንጉሡ ብዙ ሳይቆዩ ከመልእክተኞቹ ጋር ተጣሉ፤ የመጣውም መጣ።

ሊመሽ ሲል ባሕር ዳር ገባን። የከተማው መብራት አንድ በአንድ ሲበራ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ መጥቷል።

ቅዳሜ፦ ባሕር ዳር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያሳለፍኩት ከታንኳ ሠሪዎች ጋር ነው። ነገደ ወይጦ ይባላሉ። ጥንት ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ዛሬ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። በጣና ላይ የጥንቱን የመርከብ ሥራ ያቆዩልን እነሱ ናቸው። ለብዙ ዘመን ግን ሰው ሲንቃቸው፣ አብሮ መብላት እንኳ ሲጠየፍ ኖሯል። ይህ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ በግልጽ መነገር አለበት። የመነኮሳቱን መጽሐፍ፣ የንጉሡን አስከሬን፣ የዘጌን ቡና የተሸከመው ታንኳ የእነሱና የመሰሎቻቸው እጅ ሥራ ነው።

አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ሲሠሩ ፈቀዱልኝና ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደንገሉ ይታጨዳል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በደንብ ካልደረቀ ታንኳው ይከብዳል። የደረቀውን እየጠቀለሉ በዛፍ ልጥ ጠበቅ አድርገው ያስሩታል። እስሩ ላይ እግራቸውን ረግጠው በሙሉ ጉልበት ይስባሉ። ፊቱን እያሾሉ ወደ ላይ ያነሱታል። ጎኖቹ ከፍ ከፍ ይላሉ። የወለሉ ሥራ በጣም ገረመኝ። ከታች ያለው ደንገል ውሃ መምጠጡ አይቀርም። ስለዚህ ከላዩ ሌላ የደረቀ ደንገል ይነጠፋል። ሰውና ዕቃ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ውሃው ከሥር ይገባል፣ ይወጣል፤ ጭነቱ ግን አይርስም።

«ይሰምጣል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ደንገል የት ይሰምጣል! ሰው ነው ከላዩ የሚወድቀው» አሉ አባትየው።

የሚቀዘፈው በረጅም ዘንግ ነው፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ከጉዞ በኋላ ታንኳው ዳር ላይ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ውሃው እንዲንጠፈጠፍና እንዲደርቅ። እንዲህ እየተያዘም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከዚያ ሌላ ይሠራል። ለዚህ ነው ከጥንት ታንኳ አንድም የቀረ የሌለው። ግንብ ይቆያል፣ ደንገል ይበሰብሳል። የቀረው ሙያው ብቻ ነው። ሙያው ከጠፋ ታሪኩ ራሱ ጠፋ ማለት ነው።

አባትየው የሚያሳስባቸው ደንገሉ ነው። ረግረጉ እየታረሰ፣ ሐይቁ ሲሸሽ መሬቱ እየተያዘ፣ የሚታጨደው ቦታ ራቀ። ልጃቸውም በጎን ሌላ ሥራ ይፈልጋል። አሁን ብዙዎች የጣውላና የብረት ጀልባ ነው የሚገዙት። ማገዶ ጭነው ከዘጌ የሚመጡ ታንኳዎች ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም ይታያሉ።

ከሰዓት በኋላ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን አየሁ። ከዚህ በኋላ የመርከብ ታሪክ ያበቃል። ትንሽ ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ፤ ከዚያ በታች ያለው በረሃ ገደል ለገደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ በብረት ጀልባዎች ሊወርድበት ሞክሮ ተሰባብረውበታል። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ በብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን መጥቶ ነበር፤ እሱም የሰው ሕይወት ከፍሏል። ጭነት የሚጫንበት የወንዝ መርከብ በአገራችን የነበረው በምዕራብ፣ ጋምቤላ ነው። በምኒልክ ዘመን በተደረገው ውል መሠረት የሱዳን መርከቦች በክረምት ባሮ ሲሞላ እስከዚያ ይወጡ ነበር። ዓባይ ግን ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ የእኛ ወደብ ሐይቁ ነው።

እሑድ፦ በፎገራ ወደ ጎንደር

በሚኒባስ ተመለስኩ። ጉማራን በድልድይ፣ ረብን በድልድይ ተሻገርን። እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰከንድ ነው የፈጁት። ድሮ ነጋዴውን በክረምት ያስቆሙት ወንዞች እነዚህ ናቸው። መንገዱ ሲጠናከር ጎርጎራ ጭነቷን አጣች። ይህ ያሳዝነኛል እንጂ መንገድ ባይሠራ አልልም።

ከመኪናው የማይታየው የምሥራቁና የሰሜኑ ዳርቻ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም። በ2004 ዓ.ም. በመገጭ መግቢያ አካባቢ ታየ፣ ከዚያ ተስፋፋ። ለዓሣ አጥማጁ መረብ ጠላት ነው። ለሞተር ጀልባም እንዲሁ፤ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። የደምቢያና የጎንደር ዙሪያ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ስንት ዓመቱ!

ከዚህ ጉዞ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ጣናነሽ 2 የተባለች ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ጣና ደርሳለች። በየመንገዱ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበላት አይተናል። እኔም ደስ ብሎኛል። ምኞቴ ጎብኚ ብቻ ይዛ ከባሕር ዳር ደሴት ደርሳ እንዳትመለስ ነው። ጎርጎራ ትምጣ። ደልጊና ቁንዝላ የሚቆም ቋሚ መስመር ይኑር፤ ዋጋውም የአራስ ጠያቂዋን እናት አቅም ያገናዝብ። እኛ ጎንደሮች ደግሞ ፋሲል ግቢ ውስጥ ለታንኳ አንድ ክፍል ብንሰጥ፣ የነገደ ወይጦ ባለሙያዎችን ጠርተን በደመወዝ በየወሩ እየሠሩ ለልጆቻችን እንዲያሳዩ ብናደርግ፣ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢያስብበት እላለሁ። ደንገሉን ከደምቢያ ዳርቻ እኛው እናቀርባለን።